ከሟቹ አፍ ያመለጠው ግጥም

ባሌን የሰፈሩ ሰው «ሟቹ» ይለዋል። በቁሙ ያለ ሰው እንዲህ ተብሎ ሲጠራ የሰማ እንግዳ ይደነግጣል፤ እኛ ግን ለምደነዋል። ገበያ ስወጣ «ሟቹ እንዴት አደረ?» ይሉኛል፤ «ደህና አድሯል፣ ቁርሱንም በልቷል» እላለሁ። ስሙ የወጣለት ፊልም መሥራት ከጀመረ ወዲህ ነው። ክራሩን ይዞ ሠርግ ለሠርግ ሲዞር ያየው አንድ ዳይሬክተር ፊቱን ወደደለትና ፊልም አሠራው፤ ገና ፊልሙ ሳይሟሟቅ በመርዝ ገደለው። ሁለተኛው ዳይሬክተር ከገደል ወረወረው። በሦስተኛውማ ፊልሙ ሲጀመር ሞቶ ነው የተገኘው። ከጎረቤቶቼ ጋር ቲኬት ቆርጬ ገብቼ ያየሁት ከአንሶላ ሥር የወጣ የእግሩን አውራ ጣት ብቻ ነበር። ጣቱን ግን አወቅኩት።

የምንኖረው በሞቱ ሳይሆን በክራሩ ነው። እሱ ይገጥማል፣ እኔ እቀበላለሁ። ከቤት አዘጋጅቶት የሚሄደው ግጥም የለም። አዳራሹ ውስጥ ይገባል፣ ክራሩን ደረቱ ላይ ያስደግፋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ የሙሽራው ጠባብ ጫማም ይሁን፣ የሙሽሪት አባት ጥግ ይዞ ማልቀስ፣ ሆዱ ውስጥ የገባው ሁሉ ቤት እየመታ ይወጣል። ከወጣ በኋላ ደግሞ የለም። «ያችን ባለፈው የገጠምካትን እስቲ ድገማት» ሲሉት «የቷን?» ይላል። የሚኮራ ይመስላቸዋል። እውነቱን ነው፣ አያስታውሳትም። የማስታውሰው እኔ ነኝ። እኔም በበኩሌ አንድ ጥበብ ተምሬአለሁ፤ ሠርግ ባለበት ቀን ጠዋት ምንም ዓይነት የሰው ወሬ አልነግረውም። ጠዋት የሰማው ማታ በክራር ታጅቦ ይመጣል። አንድ ጊዜ የጎረቤታችንን የጥርስ ሕመም ሦስት መቶ ሰው ፊት ዘፍኖባት እስከ ዛሬ ትኮርፈኛለች።

ጋሼ የምላቸው ታላቅ ወንድሙን ነው። እናትና አባታቸው ተከታትለው ሲሞቱ ባሌ ጥርሱን ያልቀየረ ልጅ ነበር። ጋሼ ትምህርታቸውን አቋርጠው የከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ሆነው ገቡ፤ ቆይተው ሹፌር ሆኑ። ልጁን የሚተዉለት ሰው ስላልነበራቸው ከሹፌሩ መቀመጫ ጀርባ አስቀምጠውት ይውሉ ነበር። ባሌ ስለ ሰው መግጠም የተማረው እዚያ ተቀምጦ፣ የሚሳፈረውንና የሚወርደውን እያየ ነው። የመጀመሪያውን ክራር የገዙለትም እሳቸው ናቸው። ራሳቸው ሚስት አላገቡም፤ ለምን ሲባሉ «አንድ ልጅ አሳድጌ ደክሞኛል» ይላሉ። የሰፈራችን ሰው ትምህርት ቤትም፣ ሐኪም ቤትም፣ ሥራም የሚሄደው በእሳቸው አውቶቡስ ነው። የእኔም ልጆች እንደዚሁ።

ታዲያ አንድ ቀን ሌላ ዳይሬክተር መጣ። ልጅ እግር ነው፣ ቆቡን ቤት ውስጥ እንኳ አያወልቅም።

«በዚህኛው አትሞትም» አለው ባሌን።

«እሺ፣ መታመምስ?»

«አትታመምም። እስከ መጨረሻው አለህ።»

ባሌ ዞር ብሎ እኔን አየኝ፤ ሰውዬው ጤነኛ መሆኑን እንድነግረው የፈለገ ይመስለኛል። የተሰጠው ቦታ የአንድ ተቅበዝባዥ ዘፋኝ ነው። ሰውዬው ከብዙ ዓመት በኋላ የድሮ ወዳጁን ፍለጋ ይመጣል፤ ሲደርስ ወዳጁ የተቀበረ ዕለት ይሆናል። በር ላይ ቆሞ ያዜማል። ከዚያ የወዳጁን ልጆች ይዞ የፊልሙን ግማሽ እሱ ይወስደዋል። ባሌ የዚያን ለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደውም። ከእሱ ይበልጥ የተደሰቱት ግን ጋሼ ነበሩ። ለተሳፋሪው ሁሉ፣ ሂሳብ ለሚከፍለውም ለሚወርደውም፣ «ወንድሜ ዘንድሮ ከሞት ተነሥቷል» ሲሉ ከረሙ።

ቀረጻው የነበረው ለፊልሙ በተከራየ አሮጌ ግቢ ውስጥ ነው። በጠራራ ፀሐይ መብራት ያበራሉ፣ ሽቦው መሬት ለመሬት ተጥመልምሏል፣ ለማልቀስ የተቀጠሩት ሴቶች ጥላ ይዘው ይሳሳቃሉ። ባሌን የተቀዳደደ ካፖርት አለበሱት። እኔን በጥቁር ነጠላ ሸፋፍነው ከአልቃሾቹ መሃል አስቀመጡኝ፤ ያለ ተቀባዩ እንደማይዘፍን ነግሯቸው ነበር። ዳይሬክተሩ ጠጋ ብሎ ትከሻውን ያዘው።

«ግጥም አታስብ። ይሄ የሞተው ሰው ላንተ ወንድምህ ማለት ነው። ወንድሜ ስትል ማን ነው የሚመጣብህ? እሱን ብቻ አስበው፣ የቀረው ራሱ ይመጣል።»

ምነው አፉን በቆረጠው! ባሌ ዓይኑን ጨፈነ፣ ክራሩን ነካ ነካ አደረገ፣ ትንሽ አንጎራጎረ፣ ከዚያ እንዲህ አለ፦

እኔን ያሳደገኝ መሪ ጨብጦ ኖሮ፣
ዓይኑ ጨለመበት ሰው ሁሉን አሳፍሮ።
ግራ ዓይኑ ጠፍታ ቀኟም ልትከተል፣
ምስጢሩን ነገረኝ ለማንም እንዳትል።

የተቀባይ ሥራ መቀበል ነው፤ ገጣሚው ሲጨርስ አፍ ቀድሞ ይከፈታል። የመጀመሪያውን ቤት በሙሉ ድምፄ ከተቀበልኩ በኋላ ነው የሚለው ነገር የገባኝ። ሁለተኛውን አልተቀበልኩም። ልጆቼን ያን ጠዋት አውቶቡሱ ላይ ያሳፈርኳቸው እኔ ነበርኩ። የትንሹን ልጅ ቦርሳ አስተካክዬ፣ ለጋሼ እጄን አውለብልቤ። አልቃሾቹ ከልባቸው ማልቀስ ጀመሩ፤ ሜካፕ የምትሠራዋ ልጅ እንኳ ዕቃዋን ጥላ ተንሰቀሰቀች። እኔ ብቻ ደርቄ ቀረሁ።

«በጣም ጥሩ!» አለ ዳይሬክተሩ። «አሁን ካሜራው ይጠጋሃል። ያንኑ፣ አንድ ቃል ሳትለውጥ ድገመው።»

«የቱን?» አለ ባሌ።

ሁሉም ሳቁ። እሱ ግን አልቀለደም። ቢያስታውስማ ኖሮ ላብ ሳያልበው እንዲህ ተረጋግቶ ቆሞ አይጠይቃቸውም ነበር። አስረዳኋቸው። ድምፅ የሚቀርጸው ረጅሙ ሰውዬ «ችግር የለም» አለና የራሱን ማዳመጫ አውልቆ ባሌ ጆሮ ላይ ደፋው። የተቀዳውን እየሰማ ከንፈሩን ብቻ እንዲያንቀሳቅስ ነው፤ ፊልም ላይ እንደዚያ ይሠራል አሉ። ቁልፉን ተጫነው።

ባሌ መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ የራሱ ድምፅ ደስ አሰኝቶት ነው። ከዚያ ፈገግታው ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሄደ። ጆሮው ተደፍኖ ስለነበር ድምፁን ሳይለካ «ይሄን እኔ አላልኩም!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ እንባው ወረደ። እንዲያቆሙለት በእጁ ይማጸናል፤ ዳይሬክተሩ ደግሞ ለካሜራማኑ «እንዳታቋርጥ፣ እንዳታቋርጥ» እያለ ያንሾካሹካል። ባሌ ማዳመጫውን ሲያወልቅ ግቢው በጭብጨባ ተናጋ። በዕድሜው ሙሉ ያን ያህል ተጨብጭቦለት አያውቅም።

ወደ ቤት በእግራችን ሄድን። አውቶቡስ መሳፈር ሁለታችንም አላሰብንም።

«እውነት ነው?» አልኩት።

«ግራው ከጠፋ ቆይቷል። ቀኙም ዳር ዳሩ እየጨለመ ነው።»

«መንጃ ፈቃዳቸውን ሲያሳድሱስ? ዓይን የሚመረምረው ሐኪምስ?»

«የሐኪሙን ሰሌዳ በቃሉ ሸምድዶታል።»

«አንተ መቼ ሰማህ?»

«ዝናቡ ሳይጀምር። ጡረታዬ እስኪደርስ ታገሰኝ አለኝ። አስማለኝ።»

«ልጆቼ እኮ ናቸው የሚሳፈሩት!»

«ልጆቻችን» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ልጆችህ ከሆኑ ለምን አልነገርከኝም?»

እኔ ስቆጣ ቶሎ አልመለስም፤ መንገድ ላይ ቆሜ የማላውቀው ሰው ሁሉ ቆሞ እስኪያየን ድረስ ጮህኩበት። እሱ ክራሩን በብብቱ ይዞ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ሲያበቃልኝ «ከዚያ መሪ ላይ ካወረድኩት ምን ይቀረዋል? እኔን ያሳደገኝ እኮ ነው» አለ። ጋሼን እኔም እወዳቸዋለሁ። እንደ አማች ሳይሆን እንደ አባት። ንዴቴን የባሰ መራራ ያደረገውም ይኸው ነው። ከማግሥቱ ጀምሮ ልጆቼን በእግራቸው ላክኋቸው፤ ለጎረቤት «መራመድ ለጤና ጥሩ ነው» አልኩ። ለባሌ ደግሞ «ወይ አንተ ጋሼን መንዳቱን አስተዋቸው፣ ወይ እኔ አለቃቸው ዘንድ እሄዳለሁ» አልኩት። ፊልሙ ላይ ያለችው ግጥም እንድትወጣ አስደርጎ ከዚያ እንደሚያናግራቸው ማለልኝ። ወንድሙ ምስጢሩን ከፊልም ቤት መስማት የለበትም አለ። በዚህ ተስማማሁ።

ዳይሬክተሩ ፊልሙን የሚቆራርጥበት ክፍል መስኮት የሌለው፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ቆሞ የሚቀርበት ነው። የቆምኩት እኔ ነኝ። ስክሪኑ ላይ የባሌ ፊት ቆሟል፣ እንባው ጉንጩ ላይ እንደደረሰ።

«ይቺን ግጥም አውጣልኝ» አለው ባሌ።

«ምን ሆነሃል? የፊልሙ ልብ እኮ እሷ ናት። ወንድምህንስ ማን ያውቀዋል?»

«የሚያውቀው ሰው ሁሉ ፊልሜን ሊያይ ይመጣል። ሌላ ግጥም ልግጠምልህ። አሥር ልግጠምልህ።»

«አየሁ እኮ፣ በሌላ ቀን ቀረጻ ሌላ ሞክረን ነበር፤ ፊትህ ይሄን አይሆንም።» ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚያሳዝነውም ይኸው ነው። «ስማኝ፣ ይሄ ትዕይንት ከወጣ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ትርጉም የለውም። ልጆቹን ለምን እንደምትወስዳቸው ተመልካቹ አይገባውም። እሷ ከወጣች አንተም በሙሉ ትወጣለህ። ታሪኩን በሞተው ወዳጅህ ሚስት በኩል አዙሬ እሰፋዋለሁ። የምታጣውን ታውቃለህ?»

ባሌ ስክሪኑ ላይ ያለውን ፊቱን ትንሽ አየው። በሕይወት ያለበት የመጀመሪያ ፊልሙ ነበር። ከእንግዲህ ወዲያ ሌላ ዳይሬክተር እንደማይጠራውም ያውቃል፤ ባለቀ ፊልም ላይ የሚያስቸግር ተዋናይ ወሬው ቶሎ ይዳረሳል።

«በሙሉ አውጣኝ» አለው።

ደረጃውን ስንወርድ ላቅፈውም በጥፊ ልለውም ፈለግኩ። የቱን እንደማስቀድም ሳልወስን መንገድ ላይ ደረስን።

የአውቶቡሶቹ ጋራዥ አብሬው ሄድኩ። ብቻውን ብልከው ስለ አየሩ አውርቶ እንደሚመለስ አውቃለሁ። ጋሼ ካኪያቸውን ሰብስበው የአውቶቡሱን የፊት መስታወት በጨርቅ ሲወለውሉ አገኘናቸው። የቀኙን በኩል ጥርት አድርገውታል። ግራው ከነጭቃው ነው፤ እሳቸው ግን ጨርሰው ጨርቁን እየጨመቁ ነበር። ባሌ አየና ጨርቁን ከእጃቸው ተቀብሎ ግራውን መወልወል ጀመረ። ጋሼ ባዶ እጃቸውን በካኪያቸው ጠረጉ።

«ጋሼ፣ ይብቃህ» አለ ጀርባውን እንደሰጠ።

«ምኑ?»

«መሪው።»

ጋሼ እኔን አዩኝ። እንደማውቅ ገባቸው። አንገቴን ደፋሁ፤ ለምን እንዳፈርኩ አላውቅም፣ ማፈር የነበረብኝ እኔ አልነበርኩም።

«ይችን ከተማ በጨለማም እነዳታለሁ» አሉ። «ሌላ ሥራ አላውቅም። ቤት ተቀምጬ ግድግዳ ሳይ ልዋል? እሱንም ካየሁት!» ሳቁ። እኛ አልሳቅንም።

«ሰው ያለቃል ጋሼ» አልኳቸው። «ልጆች ናቸው የሚሳፈሩት። እንደሚያቆሙ ይማሉልን፣ እንቢ አይበሉን።»

የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ረጅም ሰው ናቸው፣ ሲቀመጡ ግን ያን ለት አነሱብኝ።

«እሺ፣ ልማል» አሉ። «ነገር ግን አንድ ነገር ፍቀዱልኝ። ፊልሙ የሚከፈት እሑድ በአውቶቡሱ እንድሄድ አለቃዬን ለምኜ አስፈቅጃለሁ። ሰፈሩን በሙሉ ጭኜ እሄዳለሁ። ይሄን ወንድሜን ስንት ጊዜ ሲገድሉት አይቻለሁ። አንድ ጊዜ ቆሞ ሲሄድ ልየው። ይህቺን የቀረችኝን ዓይን እያባበልኩ የያዝኳት ለዚያ ነው። እሱን ካየሁ በማግሥቱ ቁልፉን አስረክባለሁ። በእናቴ።»

ባሌ ጨርቁን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ፊልሙ ላይ የለሁም ቢል «ለምን?» ይሉታል። ለምን እንደሆነ ቢነግራቸው ምስጢራቸውን በአደባባይ እንደዘፈነ ሊነግራቸው ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እኛን ነው። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ «እሺ ጋሼ» አለ። በሰው ፊት ግጥም የሚያፈሰው ባሌ ቤት ያልመታ ቃል ሲያስፈልገው እንዲህ ነው የሚሆነው። እኔም እስከ እሑድ ምን ይመጣል ብዬ ቻልኩት። ልጆቼን ግን እናቴ ዘንድ ሰደድኳቸው።

እሑድ ከሰዓት ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር። አስፋልቱ ርጥብ ነው፣ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ትመታለች። ሰፈሩ ክት ልብሱን ለብሶ አውቶቡሱን ሞላው። ልጆች ጭን ላይ፣ ሽማግሌዎች ወንበር ላይ፣ ጎረምሶች በር ላይ። ባሌ ሲገባ «ሟቹ ተነሣ!» ብለው ተቀበሉት። አንዷ ጎረቤቴ ከሕፃኗ ጋር አጠገቤ ተቀመጠችና «ዛሬ ደግሞ ከእግሩ ጣት በላይ እናያለን» አለችኝ። ሳቅሁላት።

ባሌ አልተቀመጠም። ከጋሼ ጎን፣ በቀኛቸው በኩል፣ ዓይኑን ወደ ግራው መንገድ ጥሎ ብረቱን ይዞ ቆመ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ጆሮዬን አቀናሁ።

«መብራቱ ቀይ ነው... አሁን ሂድ... ሴትዮ ከግራ... ቀስ...»

«አየኋት፣ ዝም በል» ይላሉ ጋሼ።

አላዩዋትም። ኋላ ያለው ሰው ይዘፍናል፤ ባሌ የአገር ሁሉ ዘፋኝ ሆኖ ሳለ ያን ለት ዘፈኑን የማይሰማ እሱ ብቻ ነበር። ፀሐይዋ መስታወቱ ላይ ስትወድቅ ጋሼ አንገታቸውን ወደ ቀኝ ጠምዘዝ፣ ወደ ቀኝ ጠምዘዝ ያደርጋሉ፤ የቀረችው ዓይን ማየት የምትችልበትን ቀዳዳ ፍለጋ ነው። የትልቁ ገበያ መዞሪያ ላይ አንድ ሰው ጥቅል ጎመን የጫነ የእጅ ጋሪ እየገፋ ከግራ በኩል ገባ።

«ሰው!» ብሎ ባሌ ጮኸና መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ራሱ ጠመዘዘው።

አውቶቡሱ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ወጥቶ ጮኾ ቆመ። ሰው በሰው ላይ ወደቀ። ሕፃኗ ጭኔ ላይ ተወረወረች፤ እንዴት እንደያዝኳት አላውቅም። መስኮቱን ሳይ ጋሪው ተገልብጧል፣ ጎመኑ አስፋልቱን ሞልቶ ይንከባለላል፣ ሰውዬው ውሃ ላይ ቁጭ ብሎ የራሱን እግር ይዳብሳል። ምንም አልሆነም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልሆነም።

ጋሼ አንገታቸውን በመስኮት አወጡ። «አንተ! ዓይን የለህም እንዴ?» አሉት።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ይቅርታ» አለ ሰውዬው ከውሃው እየተነሣ። በሕጉ የሄደው እሱ ነበር። ተሳፋሪውም ተባበረበት፤ «ጋሪህን ይዘህ መንገድ መሃል ምን ትሠራለህ!»፣ «ልታስጨርሰን ነበር እኮ!» አሉት። ሰውዬው አጎንብሶ ጎመኑን ይለቅማል፤ ይቅርታ ይላል፣ ይለቅማል።

ባሌ ሲያየው ቆየ። ከዚያ ወደ ተሳፋሪው ዞረ። ዜማ የለ፣ ክራር የለ።

«ሰውዬውን ተዉት» አለ። «ወንድሜ አያይም። ግራ ዓይኑ ጠፍቷል፣ ቀኙም እየጠፋ ነው። ቆይቷል። እኔ አውቅ ነበር። ውረዱ።»

አንዱ ጎረምሳ ሳቀ። «ሟቹ ጀመረው!» አለ። ሌላው አጨበጨበ። «እንባው እኮ እውነተኛ ነው፣ እዩት!»፣ «ቲኬታችንን ሳንቆርጥ ፊልሙን አሳየን!» አሉ። አውቶቡሱ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ከድንጋጤ ወጥቶ መሳቅ ደግሞ እንደምታውቁት ማቆሚያ የለውም። ባሌ «እውነቴን ነው፣ በልጆቼ ይሁንብኝ» ባለ ቁጥር ጭብጨባው ይጨምራል። ተነሥቼ ልጮህ ፈለግኩ፤ እኔንም ተቀባዩ ናት ብለው እንደሚያጨበጭቡልኝ ሳስብ ተውኩት።

ጋሼ ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀምጠዋል። እሳቸውም መሳቅ ብቻ ነበረባቸው። «ይሄ ወንድሜ ቀልድ ያበዛል» ቢሉ በቂ ነበር፤ ሁሉም ያምናቸዋል፣ ማርሹን አስገብተው ይሄዳሉ። ከመቀመጫው በላይ የሚታየኝ ሸበቶ ጭንቅላታቸው ብቻ ነው። ሞተሩን አጠፉ።

«አይቀልድም» አሉ ሳይዞሩ።

ሳቁ ከፊት ጀምሮ እየከሰመ ወደ ኋላ ሄደ። ሰው አንድ በአንድ መውረድ ጀመረ። የሰደባቸው የለም። ቢሰድቧቸው ይሻል ነበር። በቀደም በእሳቸው አውቶቡስ ሐኪም ቤት የተመላለሱ ሽማግሌ ሲወርዱ ትከሻቸውን ነካ አድርገው አለፉ። ጎረቤቴ ሕፃኗን ከጭኔ ላይ አነሣች። ስትወርድ ያየችው ጋሼን አልነበረም፤ እኔን ነው። የእኔ ልጆች ለምን በእግራቸው እንደሚሄዱ ያን ጊዜ ገባት። እስከ ዛሬ ከዚያች ሴት ጋር ዓይን ለዓይን አንተያይም።

ትኬት ቆራጩ ሌላ ሹፌር ሊያስጠራ ሄደ። ሦስታችን ቀረን። ጋሼ ቁልፉን መሪው ላይ እንደተሰካ ትተው ወረዱ፤ ደረጃውን በእግራቸው እየዳበሱ። ሰው ፊት ሲወርዱ እንደዚያ አይዳብሱም ነበር።

«በል፣ ሆነ» አሉ ባሌን። «ፊልም ቤቱ ሩቅ አይደለም። በእግራችንም እንደርሳለን። አንተን ሳላይ ቤቴ አልገባም።»

ባሌ አስፋልቱ ላይ ቆመ። «የለሁበትም ጋሼ።»

«ምኑ ላይ?»

«ፊልሙ ላይ። አስወጥቼዋለሁ፣ ሁሉንም።»

«ለምን?»

«አሳዳጊዬ ዓይኑ ጠፋ ብዬ ዘፍኜበት ነበር። ሳላውቀው አመለጠኝ። ሰው እንዳይሰማብህ ብዬ...»

ከዚያ በላይ አልቻለም። ጋሪ ገፊው ሥራውን ጨርሶ ጎመኑን ጭኖ ሄዷል፤ ርጥብ ቅጠል ብቻ መንገዱ ላይ ቀርቷል። ጋሼ ፊታቸውን ወደ ባሌ ድምፅ አዞሩ። ፀሐይዋ ከኋላው ስለነበረች የሚያዩት ጥላውን ብቻ ይመስለኛል።

«ምስጢሬንም ሰጠህ፣ አንተንም አላየሁ» አሉ። «አንዱን እንኳ አታተርፍልኝም?»

ባሌ ክንዳቸውን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። ጋሼ እጁን አገኙት፣ ነኩት፣ ከክንዳቸው ላይ አንሥተው ለቀቁት። ከዚያ ወደ እኔ በኩል ዳበስ ዳበስ አድርገው የእኔን ክንድ ያዙ።

«ውሰጂኝ ልጄ» አሉኝ። «ወደ ቤት።»

ተጓዝን። መዞሪያውን ዞርን፣ ገበያውን አለፍን። ኩሬ ሲመጣ «ጋሼ፣ ውሃ» እላለሁ፣ እሳቸው እግራቸውን ያነሣሉ። ከኋላችን የእሱን እርምጃ እሰማለሁ፤ አይቀርብም፣ አይርቅም። እኔ ያን ሰዓት በሁለታቸውም ተናድጄ ነበር፣ ለሁለታቸውም አልቅሼ ነበር። ባሌ ያን ያህል ሲወድቅ አይቼው አላውቅም፤ ያን ሁሉ ፊልም ወድቆ እንኳ።

«ከኋላ ማነው?» አሉኝ ጋሼ ትንሽ እንደሄድን።

«ወንድምዎ ነው።»

በጫማቸው አስፋልቱን እየዳበሱ ቀጠሉ።

«ቆም እንበልለት?» አልኳቸው።

«ምን ጎደለው፣ ዓይን አለው» አሉና ክንዴን ጠበቅ አድርገው ያዙ። እኔም እርምጃዬን ሳልቀንስ መራኋቸው።